«ትርታ» የሚሠራበት ቤት

ሪድዋና በኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሥራ ዕቃዎቿ ሁሉ አብልጣ የምትወደው «ትርታ» የሚባለውን ትንሽ መሣሪያ ነበር። እናት ሆድ ላይ ሲያስቀምጡት የጽንሱን የልብ ምት ያሰማል፤ መብራት ሲጠፋ እጀታውን አሽከርክረው ኃይል ይሞሉታል።

አንድ ቀን ስታጸዳው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አየች። ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስላት የነበረው መሣሪያ የሚሠራው እዚያው ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ነው። አባቷ ሙስጠፋ ሱቅ ከፍተው ካሳደጓት ቤት ሩቅ አይደለም። በእረፍት ቀኗ ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ትርታ የሚሠራበትን ቦታ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሆኖ አገኘችው። በተከፈተው በር አንድ ቀጭን ወጣት ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ሽቦ ሲበይድ ይታያል።

«ምን ልታዘዝ?» አላት ቀና ብሎ።

«ምንም። የተሠራበትን ቤት ለማየት ነው የመጣሁት።»

ሙስዓብ ይባላል፤ የፑኝዶ ከተማ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ትርታን የፈጠረውም እሱ ነው። ለዚህ ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞት ስለማያውቅ ግራ ገባው። ሁለቱንም ክፍል አዟዙሮ አሳያት። እሷም ስለ እናቶቹ አወራችው፤ አንዷ ድምፁን ስትሰማ እንደምትስቅ፣ ሌላዋ ዝም ብላ እንደምታለቅስ፣ አንዷማ ውጭ የቆመችው አማቷ እንድትሰማ ከፍ አድርጊው እንዳለቻት። እሱ መበየጃውን አስቀምጦ ያዳምጣት ጀመር። ወሬዋን ስትጨርስም ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም፤ እሷም አልከፋትም።

ከዚያ በኋላ በየእረፍቷ መጣች። መጀመሪያ ምክንያት ትፈልግ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ምክንያት መፈለጉንም ተወችው። ከሥራ ሲወጣ የባሮን ወንዝ ዳር ይዘው ቀስ ብለው ይሄዱና ሰፈሯ ጥግ ሲደርሱ ይለያያሉ።

ክረምት ላይ ኛቶክ የምትባል እናት ምጥ ይዟት መጣች። ትርታው ደህና ምት አሰማ። ሪድዋና ልታርፍ ስትል፣ ጣቷ በእናቲቱ የእጅ አንጓ ላይ ነበርና ሁለቱ ምቶች አንድ መሆናቸውን አስተዋለች። ስትሰማው የነበረው የልጁን ሳይሆን የእናቲቱን ልብ ነው። አምቡላንስ ተጠራ፤ ኛቶክ በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ ልጁ ተረፈ። ሪድዋና በማግስቱ መሣሪያውን እንደገና ይዛ ተቀመጠች። መሣሪያው ኃይሉ ሲደክም ደካማውን ምት እንደሚስት ደጋግማ ሞክራ አረጋገጠችና ለጤና ቢሮ የሚላክ ሪፖርት ጻፈች፤ ለሙስዓብም ደውላ ነገረችው።

ያን ሳምንት የሙስዓብ ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ብዙ ትርታዎችን ለማቅረብ ውል ሊፈርም ነበር። ሙስዓብ ራሱ ኩሌ ድረስ መጣ። ስታየው ደስ አላት፤ እስኪናገር ድረስ።

«ሪፖርቱን ሁለት ሳምንት ብቻ አቆይልኝ። አስተካክለዋለሁ።»

«በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የምትወልደዋን ምን ልበላት?»

ሙስዓብ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ሪፖርቱን በዚያው ቀን ላከችው፤ ውሉ ቀረ፤ ያሉት መሣሪያዎችም ተሰበሰቡ። ሙስዓብ መደወሉን ተወ። ጠልቶኛል ብላ እሷም አልደወለችም። ከኒውላንድ መንገድ መራቅ ጀመረች። አባቷ ምን እንደሆነች ሲጠይቋት ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ እውነት የጎዳው ሰው ማንነቱ የሚታወቀው ሲመለስ ነውና ጠብቂ አሏት።

ከአምስት ወር በኋላ ሙስዓብን ጤና ጣቢያው ግቢ ከነፍሰ ጡሮቹ ኋላ ተሰልፎ ቆሞ አገኘችው። አዲስ ትርታ ይዟል። የእናትን ምትና የልጅን ምት ለይቶ ያሳያል፤ ኃይሉ ከደከመ ራሱ ይጠፋል። ፈትሺውና ያገኘሽውን ሁሉ ጻፊ አላት። ሦስት ሳምንት ፈተሸችው፤ ምንም እንከን አላገኘችበትም።

«ለምን አልደወልክም?» አለችው ውጤቱን ልትነግረው ሲገናኙ።

«ያን ቀን ዝም በይ ነበር ያልኩሽ። ሳላስተካክለው በየትኛው ፊቴ ልደውል?»

«እኔ ግን ስጠብቅ ነበር።»

ሙስዓብም ፈቃዷ ከሆነ ወደ አባቷ ሽማግሌ መላክ እንደሚፈልግ ነገራት። ስሕተት ካገኘች ወደፊትም እንደምትጽፍ አስታወቀችው። «እወቂልኝ፣ አሁን እኔም የምፈልገው ያንን ነው» አላት።

ሽማግሌዎቹ ሄደው አባቷ ፈቀዱ፤ ኒካሁም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሊታሰር ተቀጠረ። ሪድዋና በዋዜማው ተረኛ ስለነበረች ማለዳ ትመለሳለች ተብሎ ነበር፤ ግን አንዲት እናት ምጥ ጠናባት። እንግዶቹ አባቷ ቤት ተቀምጠው ሰዓቱ ነጎደ። ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ ቀኑ ይቀየር እንደሆነ ሙስዓብን ጠየቁት።

«ስትጨርስ ትመጣለች» አለና ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት ሊደርስ ሲል የቀሚሷ ጠርዝ በጭቃ የተለወሰ ሙሽራ በጓሮ በር ገባች። እጇን ታጠበች። ኢማሙ ፈቃዷን እንዲጠይቋት አባቷን ሲልኩ፣ ገና ትንፋሿ ሳይሰበሰብ እሺ አለች። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት፣ «ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው፤ ለሙስዓብ ንገሩልኝ» አለች።