ሃያ አራቱ የመሬት ጆሮዎች

ወዳጄ፣ ይህን ከመንገሬ በፊት ማን እንደሆንኩ እወቅልኝ፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፣ ግቢያችን ከተማሪ ተለይቶ አያውቅም፣ እነዚያ ተማሪዎች ስለ ጋኔን፣ ስለ ዛር፣ ገደል ሥር ሆኖ ሰው በስሙ ስለሚጠራ ድምፅ ሲያወሩ ወንድሞቼ ጋቢ ውስጥ ሲደበቁ እኔ «ማን አየው? የት ቦታ? ስንት ሰዓት ላይ?» እያልኩ ጨዋታውን የማበላሽ ነበርኩ። አድጌም ፊዚክስ ተማርኩ፣ ከዚያ ጂኦፊዚክስ፣ አሁን አስተምራለሁ፣ በየዓመቱ ለአዳዲስ ተማሪዎች የምላት አንዲት ነገር አለችኝ፦ ምክንያት የሌለው ድምፅ የለም፣ ያለው ምክንያቱ ያልተገኘ ድምፅ ነው። እመነኝ፣ ዛሬም እላታለሁ፣ ግን ስላት የተማሪዎቹን ዓይን አላይም።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ጾም ነው፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ሰሞን፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ። ስሙን ይቅር በለኝና አልነግርህም። የሄድነው ውሃ ፍለጋ ነው። የዚያ አገር ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ገደል ወርደው ነው፣ ስትወርድ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል፣ ስትወጣ ደግሞ ጀሪካኑ ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ቤቱ ያሳደረን ገበሬ አያ ቢተው ይባላል፣ ምራቱ ባለፈው ክረምት ከነጀሪካኗ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ እኛ በሄድን ጊዜ ገና በምርኩዝ ነበር የምትንቀሳቀሰው። እራት ስታቀርብልን ግድግዳውን ይዛ ስትመጣ እያየሁ፣ ይህን ውሃ ሳላገኝ አልመለስም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ሥራችን መሬቱን ሳይቆፍሩ ውስጡን ማወቅ ነው። ጂኦፎን የሚባሉ፣ ቡጢ የሚያካክሉ፣ ሹል እግር ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፣ አንተ የመሬት ጆሮዎች በላቸው፣ ሃያ አራቱን በአንድ መስመር፣ በየአምስት ሜትሩ ትተክልና በኬብል ከላፕቶፕ ጋር ታገናኛቸዋለህ፣ ከዚያ ከአንድ ቁጥር አጠገብ ወፍራም ብረት አጋድመህ በትልቅ መዶሻ ትመታለህ። ንዝረቱ ከአንድ ቁጥር እስከ ሃያ አራት በየተራ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ሃያ አራት መስመሮች ይርገበገባሉ፣ ከፍጥነቱ ተነስተህ ከሥር ያለው ደረቅ ዓለት ይሁን ውሃ ያዘለ ድንጋይ ታሰላለህ። ችግሩ ጆሮዎቹ ሁሉንም ነው የሚሰሙት፣ አህያ ሲራመድ፣ ልጆች ሲሯሯጡ፣ ሁሉም እየገባ ሥራችንን ያበላሸዋል።

መዶሻውን የሚመታልን አያ ቢተው ራሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ «አያ ቢተው፣ አገሩ ጸጥ የሚለው መቼ ነው?» አልኩት።

«በጾም ቀትር ላይ ነው እንጂ፣ ሰው ሁሉ ለቅዳሴ ይገባል፣ ከብቱም ጥላ ይይዛል።»

«እንግዲያው እኛ ንዝረቱን ያን ጊዜ እንቀዳለን።»

መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠና ላቡን ጠረገ። «መምህር፣ ቀትር ላይማ ሜዳ ላይ አይዋልም። ይምጡና አብረን እናስቀድስ።»

«ፊዚክስ የቀትር ጋኔን አይፈራም» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ነጠላውን አጣፍቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር አለና፣ «ዝም ብላችሁ ብታዳምጡ ግድ የለም፣ ብቻ አታንኳኩ» አለኝ፣ ሄደ። እኔም ያገሬው ሰው ልማድ ነው ብዬ ረሳሁት።

ሜዳው ላይ የቀረነው እኔና ሐያት ነን። ሐያት የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ፣ እኔ ካስተማርኳቸው ሁሉ ረጋ ያለች፣ በነገር የማትደነግጥ ልጅ። ሾፌራችን ጎማ ሊያስጠግን ቢቸና ሄዷል። ጤፉ ከታጨደ ቆይቷል፣ መረሬው አፈር በፀሐይ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፣ ከእኛ እስከ መስመሩ መጨረሻ አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ የለችም፣ ይህን ልብ በልልኝ፣ መዳፍህን እንደምታይ ነው ሁሉም የሚታየው። ከአንድ ቁጥር ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለን ዣንጥላ ዘርግተን ተቀመጥን፣ ሐያት መቅጃውን ከፈተች፣ ሃያ አራቱም መስመሮች ክር እንደተወጠረ ቀጥ አሉ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም፣ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሃያ አራተኛው መስመር ዘለል አለ።

አንድ ጊዜ። ቆየት ብሎ ሌላ። ከዚያ ሃያ ሦስተኛው። ሐያት ቀና ብላ ሜዳውን አየች፣ እኔም አየሁ፣ ማንም የለም። ሃያ ሁለት። ነፋስ ነው እንዳልል ገለባው አልተነቃነቀም፣ ኬብሉ ነው እንዳልል ኬብል ተራ ጠብቆ አይበላሽም። ሃያ አንድ፣ ሃያ።

«መምህር» አለች ሐያት ቀስ ብላ፣ «ይሄ እርምጃ ነው።»

እርምጃ መሆኑን እኔም አውቄዋለሁ፣ የሰው እርምጃ በስክሪን ላይ ምን እንደሚመስል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ተረከዝ መጀመሪያ፣ ጣት ቀጥሎ። ግን ከአፌ «ከሩቅ የሚመጣ ነገር ይሆናል» የሚል ወጣ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንዲህ ጆሮ ለጆሮ እየረገጠ እንደማይመጣ እያወቅኩ። አሥራ አምስት ሲደርስ ተነስቼ ቆምኩ፣ አሥራ አምስተኛውን ጆሮ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ብርቱካናማ ክዳኑ ፀሐይ ላይ ያበራል፣ አጠገቡ ምንም የለም። አሥር። ዘጠኝ። አይቸኩልም፣ እርሻውን ዞር ዞር ብሎ እንደሚያይ ሽማግሌ ነው አካሄዱ። ስድስት ላይ ሲደርስ በጫማዬ ሶል ውስጥ ተሰማኝ፣ ዱብ… ዱብ… ሐያት «ቢስሚላህ» እያለች እጅጌዬን ያዘች።

ሦስት ቁጥር ላይ ቆመ።

ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ያን ጊዜ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩ እስካሁን አልገባኝም፣ ምናልባት መሣሪያው መሥራቱን ላረጋግጥ ብዬ ነው፣ ምናልባት ፈርቼ ነው፣ ሰው ሲፈራ ሞኝ ይሆናል። ወደ ብረቱ ሄጄ መዶሻውን አነሳሁና አንድ ጊዜ መታሁ። የእኔ ምት ከአንድ እስከ ሃያ አራት በደንቡ ሄደ። ወዲያው ከሦስት ቁጥር ሥር አንድ ምት ተመለሰ፣ ልክ የእኔን ያህል ጉልበት ያለው።

«ይበቃል መምህር» አለች ሐያት።

ሁለት ጊዜ መታሁ። ሁለት ተመለሰ።

መዶሻውን ጣልኩት። ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ከእንግዲህ አንነካም፣ ያልፋል ብዬ። አላለፈም። እርምጃው እንደገና ጀመረ። ሁለት ቁጥር። አንድ ቁጥር። ከዚያ ስክሪኑ ጸጥ አለ፣ ሃያ አራቱም መስመሮች ቀጥ አሉ፣ ሐያትም እፎይ ብላ «ቆመ» አለች።

እኔ ግን ደሜ የቀዘቀዘው ያን ጊዜ ነው። አስበው እስቲ፣ ከአንድ ቁጥር ወዲህ የተከልነው ጆሮ የለም። ከአንድ ቁጥር ወዲህ ያለነው እኛ ነን።

ሳልነግራት ገባት፣ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አልሮጥንም፣ እመነኝ፣ መሮጥ ጉልበት ይፈልጋል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ቅዳሴው እስኪወጣ ተቀመጥን፣ አንዳንዴ ከኋላችን መረሬው ክብደት እንዳረፈበት ዱብ ሲል ይሰማናል፣ አንዳችንም ዞረን አላየንም።

አያ ቢተው ሲመለስ በሜዳው መሀል አልመጣም፣ ዳር ዳሩን ዞሮ መጣ። መዶሻው ወድቆ አየ። «አንኳኳችሁ?» አለ። «ሦስት ጊዜ» አልኩ። «መለሰላችሁ?» አለ። ሐያት ማልቀስ ጀመረች። ብርድ ልብስ አምጥቶ በፀሐይ አለበሳት፣ ዕቃችንን በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ሰብስቦ መኪናው ድረስ አመጣልን።

መረጃውን ቢሮዬ ሆኜ ሠራሁት። ውሃ አለ ወዳጄ፣ ብዙ ውሃ፣ ያ ቀበሌ ለልጅ ልጅ የሚበቃው፣ እና ዓለት ተሰንጥቆ ውሃውን የሚይዝበት ቦታ ልክ ሦስት ቁጥር ሥር ነው። ሪፖርቱን ስጽፍ ያን ነጥብ ካርታው ላይ አስቀመጥኩ፣ አየሁት፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ገፋሁት። በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም፣ ያኔ ዋሸሁ። እዚያ ላይ ብረት ሰርስሮ ሲወርድ ሰዎቹ ላይ ምን እንደሚመጣ አላውቅም፣ የማላውቀውን ነገር ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁት። ሐያትም የተገፋውን ነጥብ አይታ እንዳለ ተወችው። እሷም ትምህርቷን ሳትተው ሥራዋን ግን ከሜዳ ወደ ስሌት ቀየረች።

መቆፈሪያው ሄደ፣ በገፋሁት ቦታ ቆፈሩ፣ ደረቅ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ አያ ቢተው ደወለልኝ። ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ስልኩን አነሳሁ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ሐያት ጠየቀ፣ ምራቱ አሁን ምርኩዙን ትታ እንደገና ገደሉን መውረድ መጀመሯን ነገረኝ።

«መምህር» አለኝ ቀጥሎ፣ «ቦታውን ፈርተው እንዳዛወሩት ገብቶኛል፣ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ግን ልነግርዎት የፈለግኩት ሌላ ነው። ከአባቶቼ ጀምሮ ያ ሜዳ ላይ ቀትር ላይ ከብት ተኝቶ አያውቅም ነበር። እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ይተኛል። ዛሬም መሀሉ ላይ ተኝተው እያመነዠኩ ናቸው፣ አጠገባቸው ቆሜ ነው የምደውልልዎት። ሜዳው ባዶ ነው።»

እግዜር ይጠብቅዎ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ጆሮዎቹ አሁን ቢሮዬ ውስጥ ሳጥናቸው ውስጥ ናቸው። ቢሮዬ ምድር ቤት ነው። ቀትር ላይ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ፣ ኮሪደሩ ጸጥ ሲል፣ ሁለቱን ብቻ አውጥቼ ወለሉ ላይ ባስቀምጥ፣ አንዱን ከበሩ አንዱን ከወንበሬ ሥር፣ በአሥር ደቂቃ እውነቱን አውቀዋለሁ። ተመራማሪ ነኝ፣ ማድረግ ያለብኝም ይህንኑ ነው። እርምጃው እዚህ ከተሰማኝ ሜዳው በእርግጥ ባዶ ነው ማለት ነው፣ ውሃው ያለበትን ቦታ ለእነዚያ ሴቶች ነግሬ እገላገላለሁ። በየቀኑ ከሳጥኑ ፊት እቆማለሁ፣ እጄን ክዳኑ ላይ አሳርፋለሁ። እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።