አጥፋው!

«ቶሎ በል እንጂ አያልነህ! እብጠቱ ጉልበቷ ላይ ደረሰ!» አለ ታከለ።

መካኒኩ አያልነህ ከፒካፑ ሥር ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ ሽቦ ይልጣል። እሱ ጠዋት ከወረታ የመጣው የታከለ ፒካፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ እየጋለ አላስኬድ ስላለ ነበር። አሁን ነገሩ ሌላ ሆነ። የታከለን ሚስት ሸዋነሽን ሩዝ ስታርም እባብ ነደፋት። መድኃኒቱ ያለው ወረታ ነው፤ መካከል ላይ የፎገራ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ሞልቶ የወጣው የርብ ወንዝ።

አያልነህ ሽቦውን ከካምቢዮው ስቦ መሪው አጠገብ ካለ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር አሰረው። ከግድግዳ የተነቀለ ነጭ የአምፖል ማብሪያ ነው። ምን ያድርግ፣ የመኪናው ከየት ይምጣ!

«ስማኝ ታከለ። ይህን ስታበራው ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ይቆለፋሉ፤ ዘይቱ አይግልም። ግን ፍጥነት ይዘህ ብቻ! ስታዘግም ካላጠፋኸው ሞተሩን ያንቀዋል።»

«ገባኝ፣ ገባኝ!» አለ ታከለ። ምንም አልገባውም። የሚያየው የሚስቱን እግር ብቻ ነበር።

ሸዋነሽን መሃላቸው አስቀምጠው ተነሡ። ገና ከመንደሩ ሳይርቁ ዝናቡ ወረደ። ሩዙም ቦዩም መንገዱም አንድ ውሃ ሆኑ። ታከለ ግራና ቀኝ የቆሙትን ባሕር ዛፎች ምልክት አድርጎ መሃሉን ያዘ። ጎማው ይንሸራተታል፣ ይነክሳል፣ ደግሞ ይንሸራተታል። የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። ከፍ ያለው ጠጠር መንገድ ላይ እንደ ወጡ አያልነህ «አሁን አብራው!» አለ። ታከለ ነጩን ማብሪያ ተጫነው። ሞተሩ ጩኸቱን ቀነሰ፤ መኪናው ገሠገሠ።

«ሸዋዬ፣ ደረስን እኮ!»

«ዋሽተህ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ጀመርክ?» አለች፣ ድምፅዋ እየራቀ።

መንገዱ ወደ ጎድጓዳው ሲወርድ ውሃው መሃል ጥቁር ድንጋይ ታየ። ድንጋዩ አፉን ከፈተ። ጉማሬ! ታከለ ፍሬን ረገጠ፤ ሞተሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

«አጥፋው!» ጮኸ አያልነህ። «ኧረ አጥፋው!»

ታከለም አጠፋው። ሞተሩን።

«ምን ሆነሃል! ማብሪያውን እኮ ነው ያልኩህ!»

«አጥፋው አልክ፣ አጠፋሁ!»

ቁልፉን አዞረ። ጭስ ማውጫው ውሃ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ሳለና ዝም አለ። «እንግፋው?» ቢል «አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም» አለው አያልነህ። ጉማሬው እንደ ባለርስት ቆሞ አያቸውና በራሱ ጊዜ ወደ ሩዙ ገባ። ስልኩ መስመር የለውም። ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። ታከለ የሸዋነሽን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጎበዝ ነኝ ባዩ ሰውዬ፣ እጅ እግሩ ተያዘ። ፈራ።

ያኔ ነው አያ ባየህ ጥማድ በሬያቸውን ወደ ደረቅ መሬት ሲነዱ የታዩት። አምና ከታከለ ጋር በሩዝ ማሳ ድንበር ተጣልተው ነበር። ታከለ ፒካፑን የገዛ ሰሞን «አያ፣ በሬዎቹን አርደው ይብሏቸው፤ ዘመናቸው አልፏል» ብሎ ስቆባቸዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል!

«አያ ባየህ! በእመቤታችን ይዤዎታለሁ! ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው!»

ሽማግሌው ቆመው አዩት። «የበሬ ዘመን አልፏል ያልከው አንተ አልነበርክም?»

«እኔ ነኝ። ይማሩኝ!»

«ምሕረቱ ይቆይህ፤ አሁን መጫኛውን እሰር።»

ታከለ ውሃው ውስጥ ጠልቆ መጫኛውን ከፒካፑ ሥር አሰረ። በሬዎቹ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ተነሡ፣ ጎተቱ። ወደ ወረታ የሚወስደው አስፋልት ጋ ሲደርሱ አያልነህ ከጭስ ማውጫው ውሃውን አንጠፈጠፈ። በሦስተኛው ሙከራ ሞተሩ ተነሣ። አያ ባየህ ምስጋናውን አልጠበቁም። «ሂድ!» ብቻ አሉ።

ወረታ ሐኪም ቤት በር ላይ ሸዋነሽን በቃሬዛ ወሰዷት። ታከለ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ሊያደርግ የሚችለው አንዳች ነገር አልቀረውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነርሷ ወጣች።

«በጊዜው ደርሳለች። ትተርፋለች።»

ታከለ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ዘበኛው ትከሻውን ያዘው።

«ወንድሜ፣ እግዜር ይመስገን። የመኪናህ ሞተር ግን ከመጣህ ጀምሮ በሩ ላይ ይጮኻል። በል ሂድና አጥፋው።»

ታከለ ሄደ። አንድ እጁን ቁልፉ ላይ፣ አንዱን ነጩ ማብሪያ ላይ አድርጎ፣ እንባው እየወረደ ወደ ዘበኛው ዞረ።

«የቱን?»