አሥረኛዋ ጎብኚ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ፋኖሱንም ዝቅ አድርጉት፤ ይህ ታሪክ ብዙ ብርሃን አይወድም።

ድሮ፣ ከባሕር ማዶ፣ እስፔን በሚባል አገር፣ ኮረብታ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ስሟን ተዉት። ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ነበራት። ግማሹ የፈረሰ ግንብም ነበራት። በግንቡ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነበረ። ከግንቡ ወደ ከተማዋ የሚወስደው የእግር መንገድ አንድ ብቻ ነው። ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ወይራ ነው። ከመሸ በኋላ ማንም አይሄድበትም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ማነው እሱ? ፋኩንዶ ነዋ! አስጎብኚው ፋኩንዶ።

ፋኩንዶ ጎብኚዎቹን ግንቡ ውስጥ ሲያስገባ ይቆጥራል፤ ሲያስወጣም ይቆጥራል። ለምን? አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ረስቶ ቆልፎባቸው ሄደ። ጠዋት ሲከፍት በከዘራ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ሳይቆጥር ቆልፎ አያውቅም።

ጎብኚ ግን ለድልድዩም ለግንቡም ደንታ የለውም። የሚመጣው ለጉድጓዱ ነው። ፋኩንዶ ጉድጓዱ አጠገብ ይቆማል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ድምፁን ያለሰልሳል።

«ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ካሲልዳ የምትባል ቆንጆ ነበረች። ሮድሪጎ የሚባል ጎበዝ ወደደች። ከዳት! እሷም ‹ሮድሪጎ! ሮድሪጎ!› እያለች እዚህ ውስጥ ዘለለች።»

ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ይናፈጣሉ። የፋኩንዶ እንጀራ ይኸው ነው።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ዘጠኝ ሰው አስገባ። ስንት? ዘጠኝ! ሲያስወጣ ቆጠረ። አሥር።

እንደገና ቆጠረ። አሥር።

«ደክሞኛል» አለና ቆለፈ። ጎብኚዎቹ በሠረገላቸው በጋሪው መንገድ ሄዱ። እሱም ብቻውን መንገዱን ተያያዘው።

ጠብ።

ምንድን ነው? ዝናብ የለም። ጠብ። ጠብ። ዞረ፤ ማንም የለም። አቧራው ላይ ግን እርጥብ ዱካ አለ። ያውም የትልቅ ወንድ ጫማ። ሲፈጥን ጠብታው ፈጠነ። ሲቆም ጠብታው ቆመ። መጀመሪያ ከዱካው በላይ እጅ ታየ። ከዚያ ጸጉር። ከዚያ ነጭ ፊት።

«ሮድሪጎ ማነው?» አለችው።

ፋኩንዶ ባርኔጣውን አወለቀ። «እመቤቴ… ካሲልዳ ነዎት?»

«ሮድሪጎ ማነው ነው የምልህ! አስቤ አስቤ አጣሁት። የሰፈሬን ወንድ ሁሉ ቆጠርኩ፤ ሮድሪጎ የሚባል የለም።»

«እሱማ… የበቅሎዬ ስም ነው።»

«ለበቅሎ ነው የሞትኩት?!»

የወይራው ቅጠል ሁሉ እርግፍ አለ።

«ስማ» አለች። «ማንንም አልወደድኩም፣ ማንም አልከዳኝም። የአባቴን ጫማ አጥልቄ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። እናቴ ‹አንቺ ልጅ፣ ሰፍቶሻል፣ ይጥልሻል› ብላኝ ነበር። ጣለኝ። አለቀ!»

«እመቤቴ፣ ይህን ባወራ ማን ይመጣል? በምን ልኖር ነው?»

«ካላወራህ ከነገ ጀምሮ የማድረው አንተ ቤት ነው። አልጋህ ውስጥ። እርጥብ ነኝ፣ እወቀው።»

በማግስቱ ፋኩንዶ ምን አደረገ? እውነቱን ተናገረ። ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አልተናፈጠም። «አበቃልኝ» አለ በልቡ። ከኋላ ግን አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። «እኔም በባሌ ጫማ ወድቄ ጥርሴን ሰብሬያለሁ!» አለች፤ አፏንም ከፍታ አሳየች። ግቢው በሳቅ ተሞላ። በሳምንቱ እጥፍ ሰው መጣ።

ፋኩንዶ ግን በዚያ መንገድ ዳግመኛ ብቻውን አልሄደም። ከሮድሪጎ ጋር ነው የሚሄደው። ከበቅሎው ጋር።

ካሲልዳስ? እሷማ አላረፈችም። ታሪኳ በሚወራበት ቤት ሁሉ ገብታ ታዳምጣለች ይባላል፤ ማን ምን ጨመረብኝ ብላ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ምንም!

እሺ… የወይራው ቅጠል አልረገፈም። እሱን ብቻ ነው የጨመርኩት።

ቆይ፣ ስንጀምር ስድስት ነበርን አይደል? እስቲ ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት… ሰባት?

ኧረ ማነው፣ አንገቴ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥበው?!