የአባባ ያኮቭ ሸክላ

«ስምንት ሺህ ሼቄል!» አለ አጫራቹ ጊዶን።

ይርሳው እጁን አነሳ። «ስምንት ሺህ አምስት መቶ።»

በእስራኤል፣ ከኔታንያ ገበያ ጀርባ ባለችው የሙዚቃ ሸክላ ሱቅ ሃያ ሸክላ ሰብሳቢ ተጨናንቋል። ማራገቢያው ተበላሽቷል። ስምንት ወር! ይርሳው ስምንት ወር ሙሉ አቧራ ሲውጥ፣ ስለ ጃዝ የማያውቀውን ሲቀባጥር ከረመ። እዚህ ስሙ ኤሊያድ ነው፤ ፓሪስ ያደገ፣ አማርኛ የማይሰማ። የስለላ ቢሮው አማርኛውን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ከጀመረ ሰባት ቤት ሳይቆጥር አይለቅም።

ጊዶን ከፍ አድርጎ የያዘው ትንሽ ሸክላ አንድ ለእናቱ ነው። መሐሉ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ሚሞሪ ካርድ አለ። በካርዱ ላይ ለቢሮው በድብቅ የሚሠሩ የአሥራ አንድ መረጃ አቀባዮች ስም። ጊዶን ስሞቹን የሚሸጠው በጨረታ አሳብቦ ነው። ቢሮው ገዢውን ማወቅ ስለፈለገ እስካሁን አላሰረውም። ይርሳው ካርዱን ይዞ ካልወጣ አሥራ አንዱም አለቀላቸው።

ገዢው በጊዶን ስልክ ላይ ነው። ድምፁ አይሰማም።

«ሺፍራ፣» አለ ይርሳው በዕብራይስጥ፣ አንገትጌው ሥር ለተሰፋችው ማይክ። «የዋጋ ጣሪያዬን ከፍ አድርጊልኝ።»

ሺፍራ አለቃው ናት። ለአውቶቡስ ደረሰኝ ሦስት ጊዜ የምትደውል ሴት፣ ዛሬ ጠፋች!

አጠገቡ የተቀመጡት አባባ ያኮቭ ሰማንያን አልፈዋል። ሸክላው ላይ ሳክስፎን የሚነፉት እሳቸው ናቸው፤ በኢትዮጵያ ጦር ሠራዊት ባንድ ሳሉ የተቀረጸ። ሱዳንን በእግራቸው ካቋረጡ ወዲህ አልሰሙትም።

«መኺራው፣ ሽያጩ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ያሰሙኛል፤ ቤሴዴር፣ እሺ ብለውኛል፣» አሉ ለራሳቸው በአማርኛ።

ይርሳው ያልሰማ መሰለ። «ዘጠኝ ሺህ!»

ጣሪያው ይኸው ነው። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሱና ሺፍራ።

ጊዶን ስልኩን አዳመጠ። «ዘጠኝ ሺህ አሥራ ስምንት!»

አሥራ ስምንት።

ሺፍራ ለሠርግ ስጦታም፣ ለአበልም፣ ለሁሉም አሥራ ስምንት ትጨምራለች፤ የበረከት ቁጥር ነው እያለች። ዛሬም አመሏ አልለቀቃትም።

ገዢዋ እሷ ናት።

ስምንት ወር የታዘዘላት ሴት!

«አንድ ጊዜ… ሁለት ጊዜ…»

«ጭረት እንዳለው ልይ፣» አለ ይርሳው ተነስቶ። ጊዶን ሃያ ሰብሳቢ ፊት እምቢ ማለት አልቻለም። እየተነጫነጨ ሰጠው።

በሩ ላይ ሁለት የጊዶን ጎረምሶች ቆመዋል። ሸክላውን ይዞ ማለፍ የለም።

በጠረጴዛው ጠርዝ መታው።

ለሁለት ተሰበረ። ሱቁ በጩኸት ተናወጠ። ካርዷ ከወረቀቱ ሥር ሾልካ መዳፉ ውስጥ ቀረች።

አባባ ያኮቭ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ስባሪዎች አነሱ። «አንተ ልጅ፣ ምን በደልሁህ?»

«ይቅር ይበሉኝ» የሚለው ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ጊዶን ዓይኑን ከሱ ላይ አልነቀለም።

«ሎ ሜቪን፣» አለ ይርሳው። አልገባኝም።

ሰብሳቢዎቹ ዘለሉበት። ጊዶን ሕዝቡን ጥሶ እስኪደርስ፣ እየደበደቡ አውጥተው ቲማቲም መሸጫው ላይ ወረወሩት። ከዚያ ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ ካርዱን ለሺፍራ የበላይ በእጁ ሰጠ። ሺፍራም ጊዶንም ተያዙ። አሥራ አንዱ ሰዎች በየቤታቸው አደሩ። ይርሳውን ያመሰገነው የለም፤ ሪፖርት ጻፍ ብቻ አሉት።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሌላ ስም ይዞ፣ ኪርያት ሀሻሮን ወደሚባለው ሰፈር በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሯል። አንድ ሽማግሌ ፌስታል ታቅፈው ገቡ።

አባባ ያኮቭ።

ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላቸው።

«ተባረክ፣ ልጄ፣» አሉ። ከፌስታሉ ሁለቱን ጥቁር ስባሪዎች አወጡ። «ይኸን የሚገጥምልኝ ሰው ታውቃለህ?» ደግሞ ቀና ብለው አዩት። «የማን ልጅ ነህ?»

ይርሳው በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። ቤቱ ገና አምስት ፌርማታ ይቀረው ነበር።