አፉን ስሚ፣ እጁን እዪ

አስከሬኑ የተገኘው ከሕንፃው ጀርባ፣ በጄኔሬተሩ ቤትና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ሟቿ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለው የማስታወቂያ ድርጅት የገበያ አጥኚ ነበረች። ከጣሪያው ወድቃ፣ ቦርሳዋ ከነማንገቻው ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ በጎኗ ተኝታለች። መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ፖሊሶቹ «ራሷን ነው የገደለችው» ብለዋል፤ ባልደረቦቿም «ራሷን ነው» ብለው አልቅሰዋል። በግል ገጿ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን በሚያይበት ጊዜ፣ ስንብቷ ወጥቷል።

መርማሪዋን የሥራ ጓደኞቿ «እስቲ» ይሏታል። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ «እስቲ ይድገሙልኝ» ማለት ልማዷ ስለሆነ ነው። ብዙዎች በዚህ ይናደዱባታል። እሷም ንዴታቸውን ትወደዋለች፤ የተናደደ ሰው ሁለተኛውን ጊዜ አሳምሮ አይናገርማ።

ጎንበስ ብላ የሟቿን ቦርሳ ከፈተች። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ማንኪያና የሕፃን ጡጦ አገኘች። ጡጦው ሙሉ ነው። ወደ ብርሃን ብታነሳው ግን ውስጡ ያለው ወተት አይመስልም፤ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል።

«ልጅ ነበራት?» አለች።

«ኧረ አላገባችም» አላት አጠገቧ የቆመው ፖሊስ።

«ታዲያ ልትሞት የምትወጣ ሰው ጡጦ ምን ያደርግላታል?»

የድርጅቱ ባለቤት ቢሮ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ከመንገዱ ማዶ የቆመ ትልቅ ማስታወቂያ ይታያል፤ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ይስቃል፣ ከሥሩም «አንድ ማንኪያ፣ ሙሉ ልጅነት» የሚል ተጽፏል። ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ ስንብቱን አሳያት።

«ደክሞኛል። ማንም አልበደለኝም። ደህና ሁኑ።»

«ይህ ሲወጣ የት ነበሩ?»

«ስብሰባ ላይ። የዱቄት ወተቱን ማስታወቂያ ያሠሩን ደንበኞች መጥተው፣ ምሳም አብረን በልተን፣ በዚያው ገባን። መምህሩ ፊት ቆሞ ሲናገር የአንዱ ስልክ ጮኸ፣ ቀጥሎ የሌላው። ከዚያ በኋላማ ጩኸት ብቻ ሆነ።»

«እሷስ ስብሰባው ላይ ምን ልትል ነበር?»

«ጥናቷን ልታቀርብ ነበር። ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።»

እስቲ በልቧ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች።

መምህሩ የሚሉት የፈጠራ ክፍሉን ኃላፊ ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ማዶ የቆመውን ቃል የጻፈው እሱ ነው፤ ቃሉን ልጆች በየመንገዱ ይዘፍኑታል። ዓይኑ ቀልቷል።

«እንደ ልጄ ነበረች» አላት። «እሷ ከየሰው ቤት ትሰማለች፣ እኔ ቃል አደርገዋለሁ።»

«ከስብሰባው በፊት የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ፣ ብቻዬን። ንግግሬን ሳጠና።»

«ልጥፍ የምትልኩበትን ፕሮግራም ይጠቀሙበታል?»

«አንድ ሁለት ጊዜ አሳይተውኛል። አልወደውም፣ እመቤቴ። ዓረፍተ ነገር በማሽን አይጻፍም።»

ቁጥሩ የዲጂታል ክፍሉ ኃላፊ ቅጽል ስም ነው፤ ሰላምታውም ሳይቀር በመቶኛ ነው ይሉታል። ጠረጴዛው ከሟቿ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። በእሷ ግድግዳ ላይ በወፍራም ማርከር «አፉን ስሚ፣ እጁን እዪ» የሚል ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሥራ ሕጓ ነው። ሰው ተጠይቆ የሚለውና ሲሠራ የሚያደርገው አይገናኝም ትላለች… ትል ነበር።» ላቡን ጠረገ። «እንጣላ ነበር፤ አልዋሽም። ‹ቁጥርህ አያለቅስም› ትለኝ ነበር።»

«በእሷ ገጽ ላይ ሌላ ሰው ሊጽፍ ይችላል?»

«ሁላችንም የግል ገጻችንን ከድርጅቱ መላኪያ ፕሮግራም ጋር አገናኝተናል። የድርጅቱን ማስታወቂያ በራሳችን ስም እንድናሰራጭ ታዘን ነው። የይለፍ ቃሉ ለሁሉም አንድ ነው። ጠዋት ጽፈሽ ማታ እንዲወጣም ማድረግ ይቻላል።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገመው። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። ስንብቱ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን የነበረው እሱ ነውና፣ ሌላ መርማሪ ቢሆን እዚያው ካቴና ባወጣ ነበር። እስቲ ግን ወደ ሟቿ እናት ቤት ሄደች።

እናትየዋ ከወንድማቸው ጋር ተቀምጠዋል። አያለቅሱም፤ እንባው አልቆባቸው እጃቸውን ብቻ ያሻሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ። «አብሬያት እየኖርኩ ሐዘኗ ሳይገባኝ!»

«ሰሞኑን ምን ትል ነበር፣ እናቴ?»

«ስለ ሕፃናቱ ነዋ። ለጥናት የምትገባበት ቤት ሁሉ የወተቱ ቆርቆሮ አለ፣ ሕፃናቱ ግን ከስተዋል። እናቶቹ አንድ ማንኪያ ይበቃል ብለው ለሙሉ ጡጦ አንድ ማንኪያ ይበጠብጣሉ። አንዱ ሕፃን ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ቆማ መጣች። ‹ነገ ለደንበኞቹ አሳያቸዋለሁ፤ ግን በሰው ፊት እንዳይዋረድ ሥራውን ለሠራው ሰው አስቀድሜ ልንገረው› አለችኝ። ልማዷ ነው፤ ሰው ማሳፈር አትወድም።»

«ስንብቷን አይተውታል?»

እናትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው አሉት። «ፀሐዬ ከእኔ ቀድማ ጠለቀች፤ እናቴ ሆይ፣ ይቅር በይኝ።» ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «እናቴ ሆይ! እምዬ ነበር የምትለኝ።»

«ምን ነካሽ፣ እቴ?» አሉ ወንድምየው። «ደክሞኛል፣ ማንም አልበደለኝም ነው የሚለው።»

«እኔ ነኝ ያነበብኩት!»

«እኔስ በምን ነው ያነበብኩት?»

እስቲ ሐዘን የሚያደርገውን ታውቃለች፤ ያልተባለውን ያሰማል። ቢሆንም «እስቲ ሁለታችሁም ስልካችሁን» አለችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንድ ገጽ፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ስንብት። የሟችን ስንብት ማን ከማን ጋር ያስተያያል? ሁሉም የየራሱን አንብቦ፣ አልቅሶ ስልኩን ዘግቷል።

ስትመለስ ቁጥሩን ገና ከማየቷ «ሁለት ነው አይደል?» አለችው።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «‹ሀ› እና ‹ለ› ነው። መላኪያው ሁለት ሣጥን አለው። በሁለቱም ከጻፍሽ ለግማሹ ሰው ‹ሀ›ን፣ ለግማሹ ‹ለ›ን ያሳያል፤ የትኛው እንደሚወደድ ለመፈተን ነው። ስንብቱ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። እንደወጣ ገብቼ አየሁት።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ከእኔ በቀር ማንን ትጠረጥሪ ነበር?»

በማግስቱ እስቲ ሁሉንም በስብሰባው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ባለቤቱን፣ መምህሩን፣ ቁጥሩን፣ እናትየዋንና ወንድማቸውን።

«ከሁሉ በፊት ለሟቿ የሐዘን መግለጫ ጻፉልኝ» አለች። «እዚህ ክፍል ካሉት ስልኮች ሌላ የማያየው የሙከራ ገጽ አዘጋጅተናል። በየተራ፣ በመላኪያው።»

ባለቤቱ ኮምፒውተሩን አየና ወደ ቁጥሩ ዞረ። «እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፈው። እኔ በድምፅ ነው የምልከው፤ መች ጽፌ አውቃለሁ?» ቁጥሩ የእሱንም የራሱንም «ሀ» ላይ ጻፈ፤ «ለ»ን እየዘጋ ላከ።

መምህሩ ተራው ሲደርስ መነጽሩን አጠለቀ። «ሀ» ላይ አንድ መስመር ጻፈ። አነበበው፣ አልጣመውም። ወደ «ለ» ወርዶ ሌላ ጻፈ፤ ይህኛውን ሲያነብ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ላከው።

ስልኮቹ ጮኹ። እስቲ የመምህሩን ጽሑፍ ከባለቤቱ ስልክ ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ ቀጥላም ከወንድምየው። ቃላቸው አይገናኝም። መምህሩ መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ሟቿ ግድግዳዋ ላይ የጻፈችውን ነው የሠራሁበት» አለች እስቲ። «የሁላችሁንም አፍ ሰማሁ፣ ዛሬ እጃችሁን አየሁ። ስንብቱ አስቀድሞ ተጽፎ እንዲወጣ የተደረገው፣ ሲወጣ ጸሐፊው ብዙ ሰው ፊት እንዲታይ ነው። ቁጥሩ የሚመሰክርለት ሰው አልነበረውም፤ እሱ ቢያዘጋጀው ኖሮ ቢያንስ ሰው መሃል ይቀመጥ ነበር። ደግሞ ለ የሚባለው ሣጥን ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ አንድ ብቻ በላከ ነበር። ባለቤቱ ከምሳ ጀምሮ ከደንበኞቹ ጋር ነበሩ፤ መጻፍም አይሆንላቸውም። እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር የተገናኘበትን ሰው ነው፤ መላኪያውን በደንብ የማያውቅ፣ ግን በመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ የማይረካ። ሁለተኛውን ሲጽፍ የመጀመሪያው የሚሰረዝ መስሎታል።»

«ልማድ ማስረጃ አይሆንም» አለ መምህሩ። ድምፁ አልተለወጠም።

«ልክ ነዎት።» እስቲ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። «ለነገሩ ጸሐፊው ባይነካካው ይሻለው ነበር። የመጀመሪያው ነው ሰው የሚመስለው። ያ ፀሐይ ጠለቀች የሚለው ያጌጠ ነው እንጂ ልብ የለውም።»

«ልብ የለውም?» መምህሩ ከወንበሩ ተነሣ። «የመጀመሪያውን እኮ ማንም ተራ ጸሐፊ ይጽፈዋል! እናቲቱ እንድታምን ብዬ ነው ያንን…»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናትየዋ ቀና ብለው አዩት።

«ጡጦውን አምጥታ አሳየችኝ» አለ መምህሩ ተመልሶ እየተቀመጠ። «ጣሪያው ላይ ነበርን። ልኩ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል አልኳት። ‹ጋሼ፣ ቆርቆሮውን ማን ያነባል? በቃላቸው የያዙት የእርስዎን ቃል ነው› አለችኝ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ያለ ቃል ልጽፍ ስለፋ ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ተሳካልኝ። እሱን ልታጠፋብኝ ነበር፤ ገፋኋት።»

«ሕፃን እኮ ሞቷል» አለ ቁጥሩ።

ፖሊሶቹ ሲያስወጡት መምህሩ በመስኮቱ ወደ ማዶው ማስታወቂያ አንዴ ዞር ብሎ አየ።

ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማስታወቂያውን ለማውረድ ደንበኞቹን ማስፈቀድ…» ብሎ ጀመረ። ቁጥሩ ሳያስጨርሰው ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበና ማስታወቂያውን ከየገጹ ማጥፋት ያዘ። ከመንገዱ ያለውን ለማውረድ ግን መሰላል ያስፈልጋል። እስቲም ለዚያው ስልኳን አነሣች።

እናትየዋ እጅጌዋን ያዟት።

«የኔ ልጅ፣ ራሷን አልገደለችም ማለት ነው?»

«አልገደለችም፣ እናቴ። ልትናገር ነው የሄደችው።»

«ያ ጽሑፍም የእሷ አይደለም?»

«አንዱም ቃል የእሷ አይደለም።»

እናትየዋ ስልካቸውን ዘረጉላት። «እንግዲያው አጥፊልኝ።»

እስቲ አጠፋችና መለሰችላቸው። እናትየዋ ባዶውን የስልክ መስታወት ጥቂት አዩት። ከንፈራቸው ሳያስቡት መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ፀሐዬ ከእኔ ቀድማ ጠለቀች፣ እናቴ ሆይ… አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ከስልኩስ ጠፋ» አሉ። «ከጭንቅላቴ ማን ያጠፋልኛል?»