የአያ አድማሴ ቆመህ ጠብቀኝ

አያ አድማሴና ጎረቤታቸው ወንዴ በወሰን ይገናኙ እንጂ በጠባይ ሰማይና ምድር ነበሩ። አያ አድማሴ ዝግተኛና ቆራቢ፣ ቃላቸውን እንደ ዘር እህል ቆጥበው የሚያወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ወንዴ ደግሞ ሳቁ ከራሱ ቀድሞ ገበያ የሚደርስ፣ አንዱን ቀልድ ሳይጨርስ ሌላውን የሚጀምር ጎልማሳ ነው። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። አገሬው «ቆመህ ጠብቀኝ» ይለዋል። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጠላትም ሆነ አውሬ በትዕግሥት ቆሞ መጠበቅ አለበትና።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ከድብ ባሕር መንደር በላይ ባለው የበቆሎ ማሳ፣ ሁለቱም ጠመንጃዎች ጮኹ። የወንዴ አንድ ከርከሮ ጣለ። የአያ አድማሴ ግን ከግርጌው ፈንድቶ ጌታውን ገደለ።

ኢንስፔክተር እስከዳር እኩለ ቀን ላይ ከጎንደር ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተገነዘም ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው። የብረት ስባሪ ግንባራቸውን መትቷል፤ ቀኝ እጃቸው በባሩድ ጠቁሯል። ከዚያ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አመራች። ወንዴ ለነፍሱ ተፈርቶ እዚያ ተዘግቶበታል። ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ የሟቹ ልጅ አንዱዓለም፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አንዱዓለም ጎንደር ከተማ ሾፌር ነው፤ መርዶውን ሰምቶ የደረሰው ከእሷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ በሩን ዘጋህብኝ?»

«ይግቡ። እሱ ግን እንዳይወጣ።»

«ገዳይ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ባሩዱን የሰጠው እሱ ነዋ! ሁለት ዓመት በወሰን ሲካሰሱ ኖረው፣ ዛሬ ይኼ ቸርነት ከየት መጣ?»

«ሸጋ ጥያቄ ነው። መልሱን እስከ ሠልስቱ ድረስ ታገሠኝ።»

«ከሠልስቱ በኋላስ? ደሙን የማልመልስ ሴት ነኝ?»

«እኔም ሴት ነኝ» አለች እስከዳር፣ «ሥራዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ አላውቅም።» በአጠገቡ አልፋ ገባች።

ወንዴ የወትሮ ሳቁ ጠፍቶታል። ቢሆንም አፉ አልተዘጋም።

«ባሩዱን ራሴ ነኝ የቀመምሁት፣ እትዬ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከባሩድ ቀንዴ ለሳቸው ቀንድ ቀዳሁላቸው። ያውም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፤ ከጠቡ ወዲህ ያንን ቤት ረግጬው አላውቅም።»

«ከተጣላህ ምነው ሰጠሃቸው?»

«ከርከሮ ወሰን ያውቃል እንዴ? የእኔን ግጦ ሲጨርስ ወደሳቸው ይሻገራል! ደግሞም ልንታረቅ ነበር። ሽማግሎች ነገ ማክሰኞ ወሰኑን ሊያዩልን ቀጠሮ ይዘን ነበር።»

«ባሩዱን ከዚያ በፊት የሞከረው ሰው አለ? ዘንድሮ ከርከሮ የጣለ?»

«ማን ባሩድ ነበረውና! የዛሬው የዘንድሮው በኩር ነው። እስከዚያ ድረስ በጅራፍና በጩኸት ነበር የምናባርራቸው። ሬሳው እዚያው ማሳው ጫፍ ላይ ለጅብ ተትቷል፤ የትኛው ክርስቲያን ይነካዋል?»

እስከዳር የሟቹን የባሩድ ቀንድ አስመጣች። ከዚያው ቀንድ በወንዴ ጠመንጃ አስጎርሳ፣ ቃታውን በረጅም ገመድ አሳስባ፣ ወደ ገደሉ አስተኮሰች። ጭሱ ሲገፈፍ ጠመንጃው ደኅና ነበር።

«የአባቴ ብረት አርጅቶ ነው ሊሉኝ ነው?» አለ ከኋላዋ አንዱዓለም።

«የወንዴም እኩያው ነው፤ እንዳየኸው አልፈነዳም። እንግዲህ ጥፋቱ ከባሩዱ ዓይነት አይደለም።»

ከቀብሩ በኋላ የሟቹን ባለቤት እትዬ እናኑን አነጋገረች። ባልቴቷ ከማሳው መጠበቂያ ማማ ሥር የተገኘውን፣ ባሩድና አረር የሚጠቀጠቅበትን ረጅም የእንጨት ዘንግ ጭናቸው ላይ አጋድመው እየደባበሱ ነበር።

«ጠመንጃውን ሲያጎርሱ አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ። መጀመሪያ ዘንጉን በርሜሉ ውስጥ ይሰደዋል። ይኼ የመዳብ ቀለበት ከአፈሙዙ ጋር ከገጠመ ውስጡ ባዶ ነው። ከፍ ብሎ ከቀረ ያልተተኮሰ ባሩድ አለ ማለት ነው። ዓይኑ ደክሞ ስለ ነበር በአውራ ጣቱ ነው የሚዳስሰው። ይኼን ሳያደርግ አጉርሶ አያውቅም። የጎረሰ ጠመንጃም ቤት አያስገባም።»

«ከቅዳሜ እስከ እሑድ ጠመንጃው የት ነበር?»

«እዚያ ምሰሶ ላይ። እሑድ ማታ ራሱ አውርዶት ወደ ማማው ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ከእጁ አልተለየም።»

«በቤት ውስጥስ ማን ነበር?»

«እኔና እሱ፣ ወንድሜ ደመቀም። እሑድ ጧት እኔና ባለቤቴ ቆርበን ተመለስን። ደመቀ እንኳ ከርከሮ ነክቻለሁ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ነው የቆመ። ደወሉንም ሌላ ሰው ደወለው።»

እስከዳር ዘንጉን ተቀብላ ወደ ብርሃን አወጣችው። በእጅ ወዝ ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ አሮጌ እንጨት ነው። ከቀለበቱ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ግን አንድ ጠባብ ስፍራ ዙሪያውን ነጥቶ ይታያል። በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ደመቀን ያገኘችው ከቤቱ ጓሮ ነበር። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነው፤ ኩታው የጸዳ፣ አንደበቱ የለዘበ።

«እኔ ሰው አልከስም፣ እትዬ። ፈራጁ እግዜር ነው። ብቻ… ወንዴ ለአማቼ ቀንድ የተለየ ቀምሞ ቢሆንስ?»

«ከዚያው ቀንድ አስተኩሻለሁ፤ አልተለየም። ከወሰኑ ወዲህ ያለውን ማሳ የሚያርሰው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። እኅቴና ባሏ ናቸው ቆርሰው የሰጡኝ።»

«ከማማው ላይ ወሰኑ ይታያል?»

ደመቀ ኩታውን አስተካከለ። «ወጥቼ አላውቅም።»

እስከዳር ግን ወጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ የዕድሜዋን ነገር እየተራገመች ማማው ላይ ስትደርስ፣ ከምድር የማይታይ ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። የወሰኑ ድንጋዮች በወንዴ ማሳ ውስጥ ተደርድረዋል። ከእነሱ ወዲህ፣ ደመቀ በሚያርሰው መሬት መካከል፣ በቆሎው የሳሳበት ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ ለዘመናት ማረሻ ሳይነካው የኖረው የድሮ ድንበር።

በሠልስቱ ዕለት ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰበ። እትዬ እናኑ ከመካከል፣ አንዱዓለም ከጎናቸው፣ ደመቀ ከካህናቱ አጠገብ ተቀመጡ። ወንዴ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመ። የአገሩ ሽማግሌ አያ ገብረ ሚካኤል ጸሎቱ ሲያበቃ ለእስከዳር ቦታ ለቀቁላት። እሷም የተሰነጠቀውን በርሜልና ዘንጉን ጎን ለጎን ምንጣፉ ላይ አስተኛች።

«አያ አድማሴን የገደላቸው ከባሩድ ላይ የተጎረሰ ባሩድ ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ አጉርሶ አስቀመጠላቸው፤ እሳቸው ባዶ መስሏቸው የራሳቸውን ጨመሩበት።»

«አባቴ ዘንጉን ሳይሰድ አያጎርስም!» አለ አንዱዓለም።

«ሰድደዋል። ቀለበቱንም ዳስሰዋል፤ ከአፈሙዙ ጋር ገጥሟል። ችግሩ ቀለበቱ ነው። ይኸው እየው። ቀለበቱ ለዘመናት የነበረበት ስፍራ ይኼ የነጣው ነው። እዚህ ላይ ሲሆን ዘንጉ ከበርሜሉ ግርጌ ይደርሳል። አሁን ባለበት ግን አራት ጣት ይቀረዋል። አራት ጣት ደግሞ የአንድ ጊዜ ባሩድና አረር ቁመት ነው። ያንቀሳቀሰው ሰው የሟቹን አውራ ጣት ነው ያታለለው።»

እስከዳር ዘንጉን አንሥታ የነጣውን ስፍራ ለአንዱዓለም አስዳሰሰችው።

«ባሩዱ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጣ፤ ጠመንጃው እሑድ ማታ ወጣ። በዚያ መካከል ምሰሶው ሥር ሊቆም የሚችለው ማን ነው? ወንዴ ያንን ቤት አልረገጠም፤ አንዱዓለም ጎንደር ነበር። የቀሩት ሚስትና የሚስት ወንድም ናቸው።»

እትዬ እናኑ ቀና አሉ። «እኔንም ጠርጥረሽኛል፣ ልጄ?»

«ጠርጥሬዎት ነበር፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።» ወደ ደመቀ ዞረች። «እሑድ ጧት ከርከሮ ነክቻለሁ ብለህ ከቅጽር ውጭ ቆምህ። የዘንድሮው የመጀመሪያ ከርከሮ የወደቀው ሰኞ ነው። የነካኸው የትኛውን ነው?»

ደመቀ ወደ ካህናቱ ጠጋ አለ።

«የድንጋዮቹን ቦታ የለወጥህ አንተ ነህ። ሁለቱ ጎረቤቶች በአንተ ኃጢአት ሲካሰሱ ኖሩ። አያ አድማሴ ከማማው ላይ ሆነው አዩት።»

«ዓርብ ዕለት…» አሉ እትዬ እናኑ በሹክሹክታ፣ «‹ማክሰኞ ሽማግሎቹ ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት› ሲለው ሰምቻለሁ። የምን ነገር እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

«በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ ደመቀ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «ቅዳሜ ማታ አጎረስሁት። እሑድ የደወሉ ገመድ ዘንድ ሄድሁ… እጄ እንቢ አለኝ። መንካት አልቻልሁም። ከርከሮ ነክቻለሁ ብዬ ወጣሁ።»

አንዱዓለም ተስፈንጥሮ ተነሣ። ፖሊሶቹ ከመካከል ገቡ። አያ ገብረ ሚካኤል ከዘራቸውን አነሡ።

«ረጋ በሉ! የአንድ ቤት ደም ነው። ለእናንተም ለእሱም የሚበጀው ነገሩ በእርቅ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ቢቀር ነው። እናኑ ባሏን አጥታለች፤ ወንድሟን ደግሞ…»

«ስለ እኔ አይናገሩልኝ፣ አያ።»

እትዬ እናኑ ቆሙ። ወንድማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ።

«ሁላችሁም ስሙኝ። ደም አትመልሱም፤ ደምም አትደብቁም። ወንድሜ ከዚች ልጅ ጋር ወደ ጎንደር ይሄዳል። ፍርድ ቤት ቆማ የምትመሰክረው እኅቱ ነች። ስንቁንም እኔ እቋጥርለታለሁ። አንዱዓለም፣ ክላሹን ለአያ ገብረ ሚካኤል አስረክብ።»

ልጁ ወደ ወንዴ አየ፤ ወደ እናቱ አየ። ክላሹን አስረከበ።

«ነገ አንተና ወንዴ የወሰኑን ድንጋዮች ወደ ቦታቸው ትመልሳላችሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ ማማው ላይ አብራችሁ ትወጣላችሁ።»

«ዛሬ? በሠልስቱ፣ እማየ?»

«በቆሎው ደርሷል» አሉ እትዬ እናኑ፣ «ከርከሮ ለቅሶ አያውቅም።»