የምሥጋናው ትከሻ

ሙሉሃብት ከገነተ ማርያም ቅዳሴ ተመልሳ በጓሮ በር ስትገባ፣ ባሏን ምሥጋናውን ከወይራው ሥር በጀርባው ተዘርሮ አገኘችው። ራሱ ከኋላ በድንጋይ ተፈልጧል። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል፤ ማር መቁረጫው ቢላዋና ማር መቀበያው ቅል እዚያው ተጥለዋል። ከበላዩ ቀፎው ከቅርንጫፉ ጋር እንደታሰረ ነው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰርካለም ከሁለት ፖሊሶች ጋር ከላሊበላ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«ምኑ ይመረመራል፣ እቴ?» አላት የሟቹ ወንድም ኢያቄም፣ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቶ። ለወንድሙ ልጅ ለየአብስራ የሰርግ ጉዳይ ከፍላቂት መጥቶ እዚሁ ቤት ያደረ ነው። «እኔ ቅዳሴ በሄድኩበት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ንቦቹ ሳይነቁ ማር ሊቆርጥ ወጣ፤ ወደቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከዛፍ የማይወርድ ሰው ነበር።»

ሰርካለም ሰው ገለል እንዲልላት አድርጋ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከችና ጋቢውን ገለጥ አደረገች። በቀኙ ትከሻ ላይ ብርቱካን የሚያህል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት አለ። በግራውም እንዲሁ። ከአንዱ እብጠት ጫፍ በውሃ የራሰ ጠመኔ የሚመስል ነጭ ነገር ወጥቶ ደርቋል። መንጋጋው መድረቅ ጀምሯል፤ ጣቶቹና ክርኑ ግን ገና ይታዘዛሉ። ክንዱን ቀስ ብላ ስታነሣው ከደረት ከፍታ አላልፍ አላት። የያዘው የሬሳ ድርቀት አይደለም፤ መገጣጠሚያው ራሱ ተቆልፏል። ጋቢውን መልሳ አለበሰችውና፣ ሬሳው ለምርመራ ወደ ከተማ እንዲሄድ አዝዛ ወደ ቤት ገባች።

ከግድግዳው ላይ፣ በቁመቷ ልክ፣ በጭስ የጠቆሩ የልብስ መስቀያ እንጨቶች ተሰክተዋል፤ ባዶ ናቸው። ልብሱ ሁሉ የተሰቀለው ከወገብ በታች በተተከሉ አዳዲስ እንጨቶች ላይ ነው። ሸሚዞቹ በሙሉ ከፊት ተቀደው ቁልፍ ተተክሎላቸዋል።

«እመት ሙሉሃብት፣ ባለቤትዎን የሚያለብሱት እርስዎ ነበሩ?»

ሙሉሃብት ደነገጠች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ደሴ ድረስ ሄደን ታይቷል። ካልሲየም ነው አሉን፤ በመገጣጠሚያ ዙሪያ እየተጠራቀመ ይጠጥራል። ካንሰር አይደለም፣ አይጋባም፣ እሱ ብቻውን ሰው አይገድልም አሉ። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ነው፤ ከዘር ግን ሊወረስ ይችላል።»

«ታዲያ ለምን ደበቃችሁት?»

«ሰው ቁምጥና ነው ይል የለ! በጋቢው ሸፍኖ ኖረ። ከእኔ፣ ከልጄና ከማር ደንበኛው ከመሐመድኑር በቀር የክንዱን ነገር ያወቀ የለም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአብስራንም ዳሌዋ ላይ ጀምሯታል። ‹ሰው በልጄ አይታለልም፤ ከሰርጉ በፊት ለምናለ እነግረዋለሁ› ይል ነበር። ለማን ለማን እንደተናገረ ግን አላውቅም።»

ምናለ የሙሽራው የኪዳን አባት ነው። ከደጅ አስጠራችው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«አልዋሽሽም ልጄ። ምክንያቱን ሳይነግረኝ ሰርጉን አራዘመብኝ፤ ተቆጣሁ። ኋላ እሱው ማር ላከልኝ፤ ‹የወይራው ቀፎ የመጨረሻ ማር ነው፣ ከእንግዲህ ባዶ ነው፣ ከእኔ ጋር አትቀየም› ብሎ። እሺ ብዬ ተቀበልኩ።»

«ዛሬ ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«ከከብቶቼ ጋር። ከእነሱ በቀር ምስክር የለኝም።»

የሙጃው ነጋዴ መሐመድኑር ደግሞ በቅሎው ጠዋት ከበሩ ላይ ታይታለች።

«መጥቼ ነበር። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ቅዳሴ ሄደዋል ብዬ ተመለስኩ» አለ። «የዚያን ቀፎ ማር የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ክንዱ እምቢ ካለው ወዲህ ሁሌም እኔ ነኝ። እሱ ከሥር ቆሞ መሰላሉን ይይዝልኛል። ለማንም እንዳልናገር አደራ ብሎኛል፤ ወላሂ ትንፍሽ አላልኩም።»

ከሰዓት በኋላ ሰርካለም አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የአብስራ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከውጭ፣ ከድንኳኑ፣ የለቅሶተኛው ድምፅ ይሰማል።

«ምሥጋናው ከዛፍ አልወደቀም» አለች ሰርካለም። «ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሣም ነበር። ሸሚዙን ማጥለቅ ያልቻለ ሰው መሰላል ወጥቶ ቀፎ አይጨብጥም። መሰላሉን ሌላ ሰው ነው ከሬሳው አጠገብ ያጋደመው።»



«ያ ሰው ሁለት ነገር አያውቅም። አንደኛው የክንዱን ነገር። ሙሉሃብት፣ የአብስራና መሐመድኑር ያውቃሉ፤ እነሱ ቢሆኑ ገደል ገባ ይሉ እንደሆነ እንጂ ዛፍ ወጣ አይሉም። ሁለተኛው ቀፎው ባዶ መሆኑን። አቶ ምናለ የመጨረሻው ማር ደርሷቸዋል፤ ባዶ ቀፎ ሥር ቢላዋና ቅል አይጥሉም።»

«መንገደኛ ቢሆንስ?» አለ ኢያቄም።

«ቢላዋውና ቅሉ ከጓዳ የወጡ ናቸው። መንገደኛ ጓዳ ገብቶ የማር ዕቃ አይለይም። ሁለቱን ነገር ሳያውቅ፣ ጓዳውን ግን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ ኢያቄም፣ እርስዎ የሚያስታውሱት ዛፍ ላይ የሚውለውን የልጅነት ወንድምዎን ነው። ቅዳሴ ሄጄ ነበር ብለዋል። ማን አየዎት?»

ኢያቄም ወደ ሙሉሃብት ዞረ። እሷ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ሕመሙ ከደማችን ነው አለኝ» አለ ኢያቄም። «ልጅቷ ታማለች፣ ለምናለ ልናገር ነው አለኝ። የእኔስ ልጆች? ከቆማጣ ዘር ሲባሉ ማን ያገባቸዋል? አልኩት። ‹ቁምጥና አይደለም፣ ና ትከሻዬን ላሳይህ› ብሎ ጋቢውን ሊያወርድ ሲል... ገፋሁት።» እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። «አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት። ሰው ሲወድቅ እጁን ይመረኮዛል፤ እሱ ግን እንደ ግንድ ነው የወደቀው። ምን ነካው ብዬ ቆሜ አየሁት።»

«ከዚያስ ሰው አልጠራህም?» አለች ሙሉሃብት።

 ፖሊሶቹ አስነሥተው ግራና ቀኝ ይዘው አወጡት።

የአብስራ ብድግ ብላ በምናለ ፊት ቆመች።

«አባባ ምናለ፣ እኔም አለብኝ። ዳሌዬ ላይ ነው። አይጋባም፤ ለልጅ ግን ሊደርስ ይችል ይሆናል። ከእኔ ይስሙት።»

ምናለ ዱላውን ተመርኩዞ ቀና ብሎ አያት። 

«ኪዳንን እልክልሻለሁ» አለ። «የእሱን መልስ እኔ አልመልስም።» አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሙሉሃብት የልጇን እጅ ለመያዝ እጇን ብትዘረጋም አልደረሰችባትም። የአብስራ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ ድንኳኑ ሄደች። ሰርካለም ከመኪናው በር ላይ ሆና አየቻት። አንዲት አሮጊት ገና ከመግባቷ ጎትተው አስቀመጧትና፣ «ምን ሆኖ ሞተብን ልጄ? ከዛፍ ወድቆ ነው?» አሏት።

«አይደለም» አለች የአብስራ፣ ድንኳኑ በሙሉ እስኪሰማ። «ስለ እኔ ሕመም እውነቱን ሊናገር ሲል ነው የሞተው።»